«ብሬክ ዳውን» በአማርኛ ምን ይባላል? ለአዳማው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ የግዢ ክፍል የተላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ከውጭ አገር አቅራቢ የመጣ የትራንስፎርመር ሽያጭ ሰነድ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ታዘዋል። «ብሬክ ዳውን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ወይም ከእርሱ የወጣው ስም በሰነዱ ውስጥ አራት ቦታ ገጥሟቸዋል። በዋጋው ምዕራፍ «ፕራይስ ብሬክዳውን»፣ በዘይቱ የፍተሻ ሰንጠረዥ «ብሬክዳውን ቮልቴጅ»፣ በማስጠንቀቂያው ክፍል «ዚ ኦይል ብሬክስ ዳውን»፣ በጥገናው ክፍል ደግሞ «ብሬክዳውን ሜንቴናንስ» ይላል። በእጃቸው ያለው መዝገበ ቃላት «መበላሸት፣ ብልሽት» ብሎ ስለሚያልፈው በአራቱም ቦታ እንደዚያው ጻፉ፤ ኃላፊያቸው «የዋጋ ብልሽት» የሚለውን ሲያነቡ ወረቀቱን መለሱላቸው። እንግዲህ ጠያቂው «ቃሉ አንድ ቁርጥ ያለ የአማርኛ አቻ አለው ወይ? ከሌለውስ የትኛው ቦታ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በምን ለይቼ ልወቅ? እንዲያው በፊደላችን ‹ብሬክዳውን› ብዬ ብተወውስ?» ይላሉ።

አንድ አቻ የለውም። የያዙት ሰነድ ግን ጉዳዩን ለማስረዳት እጅግ የተመቸ ነው፤ ስለ አንድ ዕቃ በተጻፈ አንድ ሰነድ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ፣ የኬሚስትሪ ባለሙያውና የጥገና ሠራተኛው ያንኑ አንድ ግሥ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ጉዳይ ተጠቅመውበታልና። ከአራቱ በሁለቱ «ብልሽት» ማለት ያስኬዳል፤ በአንዱ ያስቃል፤ በአንዱ ደግሞ አያስቅም፣ አንባቢውን ግን ፍጹም ወደ ተቃራኒው ይወስደዋል። የኃላፊዎ ዓይን የገባው የሚያስቀው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የማያስቀው ስለሆነ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ግን ሰዋስው። ይህ ግሥ ተሳቢ ይዞም ሳይዝም ይነገራል። (ተሳቢ ስል የግሡን ማለቴ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ ዳር ለምንኖር ሰዎች ቃሉ ቀድሞ የሚያስታውሰን የከባድ መኪናውን ቢሆንም።) «ዘ ትራክ ብሮክ ዳውን» ሲባል ነገሩ በባለቤቱ፣ በመኪናው ላይ ያበቃል፤ «ዚ አካውንታንት ብሮክ ዳውን ዘ ፕራይስ» ሲባል ግን አድራጊው ሒሳብ ሠራተኛው፣ ተደራጊው ዋጋው ነው። እንግሊዝኛው በሁለቱም ቦታ የግሡን መልክ አይለውጥም። አማርኛ እንዲህ ያለውን ዝምታ አይፈቅድም፤ ወይ ዘረዘረ ወይ ተዘረዘረ፣ ወይ አፈረሰ ወይ ፈረሰ ማለት ግድ ስለሚሆን ተርጓሚው ገና ብዕር ሳያነሳ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ቆርጦ ሊወስን ይገባዋል። ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ። በሁለቱ ቃላት መካከል «ኢት» የሚለውን ተውላጠ ስም አስገብቶ «ብሬክ ኢት ዳውን» ማለት የሚቻል ከሆነ ግሡ ተሳቢ ያለው ነው፤ የተበላሸውን መኪና ግን በዚህ መንገድ መናገር አይቻልም።

ችግሩ የሚብሰው ግሡ ወደ ስም ሲለወጥ ነው። ግሡ ሲሆን በሁለት ቃል ተለያይቶ ይጻፋል፤ ስሙ ሲሆን ገጥሞ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ ሲነበብም ድምፁ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ይጠብቃል። ስሙ አድራጊና ተደራጊን ይደብቃል። «ብሬክዳውን ኦፍ ዘ ማሽን» እና «ብሬክዳውን ኦፍ ዘ ኮስት» በአሠራራቸው መንታ ናቸው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ማሽኑ ራሱ ነው የቆመው፣ በሁለተኛው ወጪውን ሌላ ሰው ነው የዘረዘረው። ውሎችና የቴክኒክ ሰነዶች ደግሞ ግሥን ትተው ስም መደርደር ይወዳሉ። ስለዚህ ስሙ ሲገጥምዎ በልብዎ መልሰው ግሥ ያድርጉት፤ «ማሽኑ ምን ሆነ? ወጪውን ማን ምን አደረገው?» ብለው ይጠይቁ።

ሰዋስው ብቻውን ግን አያደርስም፤ ዘይቱም መኪናውም ተሳቢ የሌለው ግሥ ይዘው ሁለቱ የተለያየ ነገር ሊሆኑ ይችላሉና። እኔ በሥራዬ የምመራበት ሁለተኛው ጥያቄ «ከድርጊቱ በኋላ ምን ይቀራል?» የሚል ነው። መኪና ብሬክ ዳውን ሲያደርግ መኪናው እዚያው ቆሞ ይታያል፤ የጠፋው አገልግሎቱ ነው። ስኳር በኬሚስትሪ ብሬክ ዳውን ሲያደርግ ስኳሩ ራሱ ይጠፋና በቦታው ሌላ ነገር ይገኛል። ዋጋ ብሬክ ዳውን ሲደረግ አንድ ሳንቲም አይጎድልም፤ የተለወጠው የእኛ አመለካከት ብቻ ነው። የሦስቱም ትርጉሞች ልዩነት ከዚህ ይመነጫል፤ የአማርኛውም ምርጫ ይህንን ተከትሎ ቢሄድ አይሳሳትም።

በጣም ከተለመደው፣ ከማሽኑ እንጀምር። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ከአዳማ ወጥቶ አዋሽ ሳይደርስ ሞተሩ ቢጠፋና አልነሣ ቢል ሹፌሩ ለባለንብረቱ ደውሎ «መንገድ ላይ ቀጥ አለብኝ» ይላል። ይህ የአማርኛ አባባል የእንግሊዝኛውን ፍሬ ነገር ልቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ የሚናገረው ስለ ጉዞው መቋረጥ እንጂ ስለ ተሰበረ ዕቃ አይደለምና። በጽሑፍ «ተበላሸ» ወይም «ከአገልግሎት ውጪ ሆነ» ብንል ይበቃል። «ተሰበረ» ማለት ግን ትክክል አይደለም። የሻንሱ ብረት ወይም የፊት መስታወቱ ሲሰበር የእንግሊዝኛው ቃል ሌላ ነው። ልዩነቱ በመድን ውል ላይ ገንዘብ ያስከፍላል። በተሽከርካሪ መድን ውሎች ዘንድ የተለመደ አንድ አንቀጽ አለ፤ መድን ሰጪው ለሜካኒካል ወይም ለኤሌክትሪክ «ብሬክዳውንስ፣ ፌይለርስ ኦር ብሬኬጅስ» ኃላፊ አይሆንም ይላል። ሦስቱ ቃላት የተደረደሩት ለማሳመር አይደለም። የመጀመሪያው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከራሱ በመነጨ ምክንያት መቆሙን፣ ሁለተኛው አንድ ክፍል ሳይቆምና ሳይሰበር የተሠራበትን ሥራ መወጣት አለመቻሉን፣ ሦስተኛው ደግሞ የዕቃውን በአካል መሰበር ያመለክታል። ሦስቱንም «ብልሽት» ብሎ የጠቀለለ ተርጓሚ የአንቀጹን ወሰን አጥብቦታል፤ ክርክር ቢነሣ ስብራት በአማርኛው ቅጂ የለም ሊባል ነው። እኔ «ከብልሽት፣ ከአገልግሎት መጓደል ወይም ከስብራት» ብዬ እመልሰዋለሁ።

በጠያቂው ሰነድ የጥገና ክፍል ያለው «ብሬክዳውን ሜንቴናንስ» ከዚሁ ወገን ነው። «የብልሽት ጥገና» ቢባል አይሳሳትም፤ ሆኖም ጥገና ሁሉ የብልሽት ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ልዩነቱ አይታየውም። ሐረጉ ሁልጊዜ የሚቆመው «ፕሪቬንቲቭ ሜንቴናንስ» ከሚባለው፣ ማሽኑ ሳይቆም በጊዜ ሰሌዳ ከሚደረገው ጥገና ጋር ተነጻጽሮ ነው። ስለዚህ አንዱን «ሳይበላሽ በፊት የሚደረግ ጥገና»፣ ሌላውን «ከተበላሸ በኋላ የሚደረግ ጥገና» ማለት ይሻላል። ረዘም ይላል እንጂ አቅራቢው ባለሙያ የሚልከው መቼ እንደሆነ ግልጽ ያደርጋል፤ የአንቀጹም ዓላማ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። በትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ዘይት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሙቀትን ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ከአንዱ የሽቦ ጥቅል ወደ ሌላው ወይም ዘይቱን ወደያዘው የብረት ጋን እንዳይዘል መከልከል ነው። ይህን የመከልከል አቅሙን ለመለካት ከዘይቱ ጥቂት ወደ መፈተሻ ዕቃ ይቀዳል። በዕቃው ውስጥ 2.5 ሚሊሜትር ተራርቀው ትይዩ የቆሙ ሁለት የብረት ጫፎች አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ ከዜሮ ተነሥቶ በየሰከንዱ በ2 ኪሎቮልት ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ ለጊዜው ምንም አይታይም፤ ከዚያ በድንገት ጠጭ ብሎ ብልጭታ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል፣ መሣሪያውም ወዲያው ኃይሉን ይቆርጣል። በዚያች ቅጽበት ሰሌዳው ላይ የተነበበው ቁጥር ነው «ብሬክዳውን ቮልቴጅ» የሚባለው። ዘይቱ ትንሽ ተማስሎና አረፍ ብሎ ፍተሻው ይደገማል፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የስድስት ንባቦች አማካይ ተወስዶ ይጻፋል። ገና ያልተጣራና ያልደረቀ አዲስ ዘይት ከ30 ኪሎቮልት እንዳያንስ ይጠበቃል፤ ተጣርቶና እርጥበቱ ወጥቶለት ሲቀርብ ደግሞ 70 ይጠየቃል።

እንግዲህ ይህ ቁጥር በአማርኛ «የብልሽት ቮልቴጅ» ተብሎ ቢጻፍ ምን ይፈጠራል? የግዢ ኮሚቴው አባል የአንዱ አቅራቢ 45፣ የሌላው 72 መሆኑን ያያል። ብልሽት በዛ ሲባል መጥፎ ነውና 45 ያለውን ይመርጣል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ብዙ ቮልቴጅ ይችላል፣ ስለዚህም ይሻላል። አያስቅም ያልኩት ይኸኛው ነው። ሐረጉን «ዘይቱ መቋቋም የሚያቅተው የቮልቴጅ መጠን» ብሎ መፍታት አንባቢውን ያድነዋል። አጠር ያለ ከተፈለገ «የመሸነፊያ ቮልቴጅ» ማለት ይቻላል፤ ዘይቱ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተገዳድሮ የሚሸነፍበት ነጥብ ነውና። ቃሉ በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ ስላልተለመደ ግን በሰነዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ መፈታት አለበት።

«ምን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ያልተጠበቀ መልስ አለው። ብልጭታው ካለፈ በኋላ ዘይቱ ተመልሶ ይገጥማል፤ ጥቂት የጥላሸት ቅንጣት ቢተውም እንደገና መከልከል ይችላል። አየርም እንዲሁ ነው። በሽቦው ላይ የሚጠቀለለው ወረቀትና ስኒ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለው የሸክላ ዕቃ) ግን አይመለሱም፤ ቮልቴጁ አንድ ጊዜ ሰብሯቸው ካለፈ መንገዱ ተከፍቶ ይቀራል፣ ዕቃው መለወጥ አለበት። መሐንዲሱ ለሁሉም አንድ ቃል ይጠቀማል። በአማርኛ ሲመለስ ግን ለዘይትና ለአየር «ተሸነፈ»፣ ለጠጣሩ ዕቃ «ተበሳ» ወይም «ተሰበረ» ማለት ከነገሩ ጋር ይስማማል።

አየርን ካነሣሁ አይቀር፣ ለአዳማ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በባሕር ጠረፍ ከፍታ ላይ አየር በአንድ ሚሊሜትር 3 ኪሎቮልት ገደማ እስኪደርስ ድረስ ይችላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ብልጭታውም ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል። የትራንስፎርመር ዓለም አቀፍ ደረጃዎች መደበኛ ብለው የሚወስዱት እስከ 1,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው፤ አዳማ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ ከፍታንና ብሬክዳውንን አብሮ የሚያነሣ አንቀጽ ካለ፣ እርሱ የሚናገረው በውጭ በኩል ባሉት ስኒዎች መካከል ስላለው አየር መሸነፍ ነው፤ ጋኑ ውስጥ ያለውን ዘይት አይመለከተውም። «በከፍታ ምክንያት የሚደርስ ብልሽት» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው ማሽኑ አዳማ ላይ አይሠራም ማለት ነው ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

ከኤሌክትሪክ ሳንወጣ «ብልሽት» የሚለውን ቃል ጨርሶ ውድቅ የሚያደርግ ሌላ ምሳሌ አለ። ዜነር ዳዮድ የምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የተሠራችው ብሬክ ዳውን እያደረገች እንድትሠራ ነው። በግልባጭ ተገጥማ ቮልቴጁ ለምሳሌ 5.1 ሲደርስ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ትጀምራለች፤ በዚህም ቮልቴጁ ከዚያ እንዳያልፍ ይዛ ታቆየዋለች። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሬዚስተር እስከተገደበ ድረስ አትቃጠልም፣ ለዓመታት እንዲሁ ስትሠራ ትኖራለች። ስለ እርሷ የሚጽፍ ሰው «በብልሽት ላይ ሆና ትሠራለች» ቢል ምን ሊባል ነው? ለተማሪዎች የሚጻፍ ከሆነ እዚህ ላይ ቃሉን እንዳለ «ብሬክዳውን» ብሎ ወስዶ ትርጉሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ የኬሚስትሪው፣ ከኤሌክትሪኩ ጋር በአንድ ጋን ውስጥ የሚኖር ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ግድ ነው። የማስጠንቀቂያው ክፍል «ዚ ኦይል ብሬክስ ዳውን» ሲል ስለ ብልጭታ አያወራም። ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ከሙቀትና ከኦክስጅን ጋር ሲቆይ ሞለኪውሎቹ ይለወጣሉ፤ አሲድ ይፈጠራል፣ ቆይቶም ዝቃጭ ይሆንና በጥቅሎቹ ላይ ተጋግሮ ሙቀት እንዳይወጣ ያደርጋል። የቀረው ነገር ከእንግዲህ ያው ዘይት አይደለም፤ ቢያርፍም አይመለስም። ሁለቱን መለየት የገንዘብ ጉዳይ ነው። የመሸነፊያ ቮልቴጁ ዝቅ ያለ ዘይት የግድ በኬሚካል የፈረሰ አይደለም፤ ጥቂት እርጥበት ወይም ቆሻሻ ብቻውን ቁጥሩን ሊጥለው ስለሚችል ዘይቱ ተጣርቶና ደርቆ ወደ ሥራ ይመለሳል። አሲድና ዝቃጭ የበዛበት ዘይት ግን በተራ ማጣሪያ አይድንም፤ አሲዱን በሚያወጣ ልዩ ሕክምና ካልታደሰ በስተቀር መለወጥ አለበት። ሁለቱም በአማርኛው ሰነድ «ዘይቱ ሲበላሽ» ተብለው ከተጻፉ የጥገና ክፍሉ ማጣራት ሲበቃው ሙሉ ዘይት ሊገዛ፣ ወይም መለወጥ ሲገባው አጣርቶ ሊመልስ ይችላል።

ፍርዱ ላይ ሚዛናዊ እንሁን፤ «ዘይቱ ይበላሻል» የሚለው ለኬሚስትሪው ትርጉም የሚያስነውር አማርኛ አይደለም። ዘይትም ወተትም ሲበላሽ እንዲህ ነው የምንለው፣ ባሕርይውን ለወጠ ለማለት። በዚህ ሰነድ ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር እንዳይምታታ «ኬሚካላዊ ባሕርዩን ይለውጣል» ማለትን እመርጣለሁ።

ቃሉ ወደ ባዮሎጂና ወደ ምግብ ሲሻገር አማርኛችን የራሱ የሆነ መሣሪያ አለው፤ የግሡን መካከለኛ ፊደል ደጋግሞ መጥራት። ሰበረ ሰባበረ፣ ከፈለ ከፋፈለ፣ በተነ በታተነ ይሆናል። እንግሊዝኛው ትልቁ ነገር ብዙ ትንንሽ መሆኑን ለማሳየት «ኢንቱ» የሚል ቃል ከኋላ ያስከትላል፤ እኛ ግሡ ሆድ ውስጥ እናስገባዋለን። ስለዚህ በምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስታርችን ሰባብሮ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይለውጠዋል ማለት ምሉዕ አማርኛ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ልመት የሚባለውም ይኸው ሂደት ነው። ከአዳማ በቅርብ ርቀት፣ በወንጂ፣ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲመረት ኖሯል፤ የሸንኮራ ሰው የሚያውቀው አንድ እውነት ደግሞ የተቆረጠ አገዳ ውሎ ካደረ ውስጡ ያለው ሱክሮስ እየተሰባበረ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል፣ ያ ደግሞ እንደ ስኳር ፍሬ አይረጋም። የጤና ባለሙያ ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ሲያወራም እንዲሁ ነው። ሕዋሱ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይፈርሳል፣ ከሄሞግሎቢኑ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ የጨቅላ ሕፃን ዓይንና ቆዳ ቢጫ የሚመስለው ይህ ሲከማች ነው። በነዚህ ሁሉ ቦታዎች አስተማማኙ ዘዴ ግሡን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የሚወጣውን ነገር በስሙ መጥራት ነው፤ «ተሰባብሮ ምን ሆነ?» የሚለውን የመለሰ ትርጉም አሻሚ አይሆንም።

ፕላስቲክ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ፕላስቲክ በፀሐይ «ብሬክስ ዳውን ኢንቱ» ትንንሽ ቅንጣቶች ይላሉ። እዚህ ላይ ስብርባሪ ሆነ እንጂ ፕላስቲክነቱ አልጠፋም። ብዙ ጊዜ «ይበሰብሳል» ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ፤ ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን የጽሑፉን መልእክት መገልበጥ ነው፤ ጸሐፊው ሊል የፈለገው አለመበስበሱን ነበርና።

ወደ ዋጋው እንመለስ። «ፕራይስ ብሬክዳውን» ተሳቢ ካለው ግሥ የወጣ ስም ነው፤ አንድ ሰው አጠቃላይ ዋጋውን ወስዶ ከምን ከምን እንደተዋቀረ ያሳያል። የፋብሪካ በር ዋጋ፣ የመርከብና የየብስ ማጓጓዣ፣ መድን፣ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ተከላና ሥልጠና እየተባለ ይወርዳል። ብዙ ሰው «የዋጋ ዝርዝር» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ከ«ብልሽት» እጅግ ይሻላል፣ ግን አንድ እንከን አለው። «የዋጋ ዝርዝር» ስንል ብዙ ዕቃዎች ከየዋጋቸው ጋር የተደረደሩበትን ወረቀትም ማለታችን ነው። አቅራቢው «የዋጋ ዝርዝር ላኩ» ሲባል የሚሸጣቸውን የትራንስፎርመር ዓይነቶች ሁሉ ከነዋጋቸው ቢልክ አይፈረድበትም። «የጠቅላላ ዋጋው ትንታኔ» ወይም «ጠቅላላ ዋጋው የተገነባባቸው ወጪዎች ዝርዝር» ቢባል ጥርጣሬ አይኖርም። ትክክለኛነቱ የሚፈተነውም በቀረው ነገር ነው፤ መሥመሮቹ ሲደመሩ ያንኑ ጠቅላላ ዋጋ መስጠት አለባቸው፣ ካልሰጡ የተሠራው ትንታኔ አይደለም። በፕሮጀክት ሰዎች ዘንድ «ዎርክ ብሬክዳውን ስትራክቸር» የሚባለውም በዚህ ሕግ ይገዛል፤ ዋናው ሥራ ወደ ንኡሳን ሥራዎች ሲከፋፈል ንኡሳኑ ተደምረው ከዋናው ሥራ አይበልጡም፣ አያንሱምም።

በዚህ ወገን «ባይ» የምትለውን ትንሽ ቃል መከታተል ያስፈልጋል። «ኢንቱ» ሲከተል ክፍሎቹን ይነግረናል፤ «ባይ» ሲከተል መለያውን። መረጃው በፆታና በዕድሜ «ብሮክን ዳውን» ሆኖ ይቅረብ የሚል ደብዳቤ ከረድኤት ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ «በፆታና በዕድሜ ተለይቶ» ማለት በቂ ነው፤ «ተሰባብሮ» እንዳይባል ብቻ።

በሰውና በሰዎች ግንኙነት ላይ የሚውለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ከሰነድዎ ውስጥ የለምና። ሰው በንግግር መካከል ብሬክ ዳውን ካደረገ «ለቅሶ አሸነፈው» ወይም «እንባው ቀደመው» ነው። «ነርቨስ ብሬክዳውን» ሕዝባዊ አነጋገር እንጂ ሐኪሞች በመዝገብ የሚያሰፍሩት የበሽታ ስም ስላልሆነ «አበደ» ብሎ መተርጎም ግፍ ነው፤ «ከአቅም በላይ የሆነ የአእምሮ ጭንቀት» ቢባል ይበቃል። ነርሶች «ስኪን ብሬክዳውን» ሲሉ ብዙ የተኛ በሽተኛ ቆዳ መላላጥና መቁሰል መጀመሩን ነው። በእንግሊዝ የፍቺ ሕግ የጋብቻ «ብሬክዳውን» ሲባል ትዳሩ ላይጠገን መፍረሱን ነው፤ «ፈረሰ» የሚለው የእኛ ቃል ለትዳርም ለቤትም ስለሚሆን እዚህ ቦታ ልክ ይገባል። ዜና የሚተረጉሙ ሰዎች ግን አንድ ልዩነት ቢያስተውሉ ደስ ይለኛል፤ ድርድር «ብሮክ ዳውን» ከተባለ ሳይሳካ ቀረ፣ ከሸፈ ማለት ነው፣ ጥፋተኛው አልተጠቀሰም፤ «ብሮክ ኦፍ» ከተባለ ግን አንደኛው ወገን አውቆ አቋርጦታል። ሁለቱንም «ተቋረጠ» ማለት ማን እንዳቋረጠ የሚለውን ጥያቄ አላግባብ ያስነሣል ወይም ይሸፍናል።

የቀረው «በፊደላችን ብሬክዳውን ብዬ ብተወውስ?» የሚለው ነው። በጋራዥና በፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው እርስ በርሱ ሲነጋገር ቢጠቀምበት ማንም አይቸገርም፤ ሁሉም የሚያየው አንድ ማሽን ነውና። በሰነድ ላይ ግን ቃሉን እንዳለ መተው አራቱን የተለያዩ ትርጉሞች መልሶ አንድ ላይ ማሠር ነው፤ እንግሊዝኛው አንባቢ ከዐውዱ የሚለየውን አማርኛው አንባቢ አይለየውም። ከሁሉ በላይ በውል ላይ አልመክርም። ልዩ ሁኔታ የማደርገው ለፍተሻ ሰንጠረዡ ብቻ ነው፤ የላቦራቶሪው ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ አንባቢው ሁለቱን እንዲያስተያይ በመጀመሪያው ቦታ ላይ «የመሸነፊያ ቮልቴጅ፣ ማለትም በእንግሊዝኛው ብሬክዳውን ቮልቴጅ የሚባለው፣ ዘይቱ መቋቋም የሚያቅተው የቮልቴጅ መጠን ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ የተሻለ መሆኑን ያሳያል» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «የመሸነፊያ ቮልቴጅ» ብቻ ይበቃል። በዋጋው ምዕራፍ «የጠቅላላ ዋጋው ትንታኔ»፣ በማስጠንቀቂያው «ዘይቱ በሙቀትና በኦክስጅን ምክንያት ኬሚካላዊ ባሕርዩን ይለውጣል»፣ በጥገናው «ከተበላሸ በኋላ የሚደረግ ጥገና» ያድርጉት። በጥገናው ክፍል አቅራቢው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ የሚገልጽ ቁጥር ካለ ሰዓቱ የሚቆጠረው ማሽኑ ከቆመበት ነው ወይስ እርስዎ ካሳወቁበት የሚለውን ከእንግሊዝኛው ቅጂ አረጋግጠው ይጻፉ፤ «ከብሬክዳውን ጀምሮ» የሚል ብቻ ከሆነ ለአቅራቢው ደብዳቤ ጽፈው ያስጠይቁ።